ጎርፍ ያመጣው፣ ደለል የሚመልሰው፦ የደቡብ ቆላ ሐይቆችና ኩሬዎች

አንድ ሐይቅ ምን ያህል ዓሣ ሊመግብ እንደሚችል የሚወስነው የውኃው ብዛት ብቻ አይደለም። በውኃው ውስጥ የሟሟው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ካነሰ ሐይቁ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ዓሣ አጥማጁ መረቡን ባዶውን ይስባል። አልጌ የሚባሉት፣ አብዛኞቹ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ የውኃ ዕፆች ከፀሐይ ብርሃን፣ ከካርቦንና ከእነዚህ ሁለት ንጥረ ምግቦች ገላቸውን ይሠራሉ። አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ አልፍሬድ ሬድፊልድ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳሳየው፣ ልኩ በአማካይ ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶም ነው። ካርቦን ከአየር ስለሚገኝ እምብዛም አያጥርም፤ እድገቱን የሚገታው ከቀሩት ሁለቱ ቀድሞ ያለቀው ነው። አልጌውን ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ይበሉታል፤ እነሱን ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ፣ ትልቁን ደግሞ አዞና ሰው። የሞተውና የተረፈው ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ከፊሉ እዚያው ደለል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ከፊሉ በስብሶ እንደገና ወደ ላይ ይመለሳል። የሐይቅ ሥነ ምህዳር ጥናት በአብዛኛው የዚህ ምልልስ ጥናት ነው።

ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ፣ ከያቤሎ በኮንሶ በኩል እስከ አርባ ምንጭ የተዘረጋው የደቡብ ቆላ ይህን ምልልስ በብዙ መልኩ ያሳያል። በምዕራብ ጫፉ አባያና ጫሞ አሉ። በመካከሉ የቦረና ከብት አርቢዎች ሃሮ የሚሏቸው ኩሬዎችና ጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ይገኛሉ። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ፣ ዱቡሉቅ አቅራቢያ፣ ኤል ሶድ የተባለው የጨው ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ከነገሌ በስተሰሜን ደግሞ በገናሌ ወንዝ ላይ ግድብ ያቆመው አዲስ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ለሁሉም የዓመቱን ልክ የሚሰጠው ዝናቡ ነው፤ እሱም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዋናው ቦረናዎች ጋና የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው፤ አጭሩ ሐጋያ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። በደረቁ ወራት መሬት ላይ የተጠራቀመው በጠጥ፣ ፋንድያ፣ አመድና አቧራ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ በአንድ ጊዜ ይጠረጋል። ስለዚህ የቆላ ውኃ ምግቡን የሚያገኘው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በብዛት ነው። የአካባቢው ውኃ ሲቆጠር ግን የሚነገረው ሁልጊዜ በሜትር ኩብ ነው፤ ይዞት የሚመጣውን የሚመዝን ጥቂት ነው።

ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን ከአየር የሚወሰድ አይደለም። መነሻው ዐለት ነው። ዐለቱ ተሸርሽሮ አፈር ይሆናል፣ አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል፣ ፎስፈረሱም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ወደ ውኃ ይገባል። የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ዐለት በዚህ በኩል አይሰስትም። ጃክ ታሊንግና አይዳ ታሊንግ ስለ አፍሪካ ሐይቆች ኬሚካላዊ ይዘት እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ጥናት፣ በተለይ ጨዋማነታቸው ከፍ ያለ የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ብዙ ፎስፌት እንደሚይዙ አሳይቷል። እንዲህ ባለ ሐይቅ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን በአየር ውስጥ ሞልቷል፤ ነገር ግን የአየሩን ናይትሮጅን ለምግብነት ወደሚያገለግል መልክ የሚለውጡት ሳያኖባክቴሪያ ከሚባሉት፣ በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ከሚሏቸው ወገን የተወሰኑት ናቸው። ፎስፈረሱ ተትረፍርፎ ናይትሮጅኑ ሲያንስ የበላይነቱን የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው መርዝ የሚያመነጩ ስላሉ የውኃው መጥገብ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

በሰሜኑ ዓለም የታወቀው ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የካናዳ ተመራማሪዎች 226 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንደኛው በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው በኩል ከእነዚህ ሁለቱ በተጨማሪ ፎስፈረስ ጨመሩ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን በአልጌ ተሸፍኖ አረንጓዴ ሆነ። ከአየር ላይ የተነሣው ፎቶግራፍ በብዙ አገሮች የልብስ ሳሙና ፎስፌት እንዲገደብ ካስቻሉት ማስረጃዎች አንዱ ነበር። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ሆኖም እንዳለ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መገልበጡ ያሳስታል። እዚህ ፎስፈረሱ ከዐለቱም ጭምር ስለሚመጣ ሳሙናን መከልከል ብቻውን የሚፈታው ነገር አይኖርም።

አባያ ደግሞ ሌላ ገደብ ያሳያል፤ ገደቡም ብርሃን ነው። ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት የሚበልጠው አባያ ከ1000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን ከፍተኛው 13 ሜትር ገደማ ነው። ቢላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላናና ሐሬ ወንዞች ከወላይታ፣ ከሲዳማ፣ ከጌዴኦና ከጋሞ ከፍታዎች ያጠቡትን አፈር ይዘውለት ይመጣሉ። ውኃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጡት ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ነፋሱ ጋብ ሲልም አይዘቅጡም። ብርሃን ከገጹ ብዙም ሳይርቅ ይሞታል። አልጌው ምግብ ሞልቶለት ብርሃን አጥቶ ይቀራል፤ አባያ ከደቡብ ጎረቤቱ ከጫሞ ያነሰ ዓሣ የሚሰጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው፣ ጠባብ ነው፤ የውኃዎቹ ጠባይ ግን እጅግ ይራራቃል። ጫሞ በስፋት የአባያን ሲሦ ቢያክል ነው። ከአባያ የጠራ ስለሆነ ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፣ አልጌ ይበዛል፣ ውኃው አረንጓዴ ይመስላል። አንዳንዴም ከልክ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በጫሞ ላይ የተንሰራፋውን አልጌ አምሃ በላይና አር. ቢ. ዉድ አጥንተው ውጤቱን በ1982 «ሲኔት» በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል።

አልጌ ሲበዛ ዓሣ እንዴት እንደሚሞት ለመረዳት የኦክስጅንን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ 12.8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 25 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው ወደ 8.3 ዝቅ ይላል። ጫሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ድርሻው ከዚህም ያንሳል። በአንጻሩ ብስባሴ በሞቀ ውኃ ይፋጠናል። የቆላ ሐይቅ፣ እንግዲህ፣ ገቢው ትንሽ፣ ወጪው ብዙ ነው። ቀን ቀን አልጌው ራሱ ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ሌላው ሕያው ነገር ኦክስጅን ይወስዳል። አልጌው እጅግ በበዛበት ሐይቅ ዝቅተኛው መጠን የሚመዘገበው ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው። በጠዋት የሞተ ዓሣ ውኃ ላይ ተንሳፎ የሚታየውም ስለዚህ ነው።

ከታች በኩል ሌላ ሥራ አለ። ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን የላይኛው ውኃ ይሞቃል፣ ይቀላል፤ የታችኛው ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ከአየር ይለያል። የታችኛው ክፍል ኦክስጅን በብስባሴው ያልቃል። ይህ ሲሆን እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ሞርቲመር እ.ኤ.አ. በ1941 እና 1942 ባሳተማቸው ሥራዎች የገለጸው ነገር ይፈጸማል። ኦክስጅን እስካለ ድረስ ደለሉ ውስጥ ያለው ብረት ፎስፈረሱን አስሮ ይይዘዋል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ብረቱ መልኩን ይለውጥና ፎስፈረሱን ይለቀዋል። ከእሱ ጋር አሞኒያና የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይከማቻሉ። ዓመታት ያስቀመጡት በሳምንታት ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ጎርፍ ቢቆም፣ ማዳበሪያ ቢቀር እንኳ ሐይቅ ከቀድሞ ዕዳው ለብዙ ዓመት የማይላቀቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ጫሞ ግን ጥልቅ አይደለም፤ ነፋሱም ብርቱ ነው። ከቀትር በኋላ የሚነሣው ሞገድ ለጀልባ አደጋ መሆኑን አጥማጆቹ ያውቁታል። ያው ሞገድ ሐይቁን ያማስለዋል፦ የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ አምጥቶ ንጥረ ምግቡን ይመልሳል፣ ኦክስጅኑን ወደ ታች ያወርዳል። ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚመለስ ዓሣው ይጠግባል እንጂ አይታፈንም። አስጊው ጸጥታው ሲረዝም ነው። ብዙ ቀን ተለይቶ የቆየው የታችኛው ውኃ በድንገት ሲደባለቅ የሐይቁ ኦክስጅን በሞላ ይወርዳል። በቢሾፍቱ አካባቢ በተራራ ግድግዳ የተከለሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች የሚደባለቁት በአብዛኛው ቀዝቃዛ ሌሊት በሚበዛበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የዓሣ ሞት የሚሰማውም በዚያው ሰሞን ነው። ጫሞን በመሰለ ሐይቅ አሟሟቱም ተራ አለው። ብዙ ኦክስጅን የሚሻው ናይል ፐርች ይቀድማል፣ ቆሮሶ ይከተላል፤ አየር በቀጥታ መሳብ የሚችለው አምባዛ እስከ መጨረሻው ይቆያል። የጫሞ ውኃ ፒኤች ወደ 9 የሚጠጋ አልካላይ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል፤ በእንዲህ ያለ ውኃ አሞኒያ ዓሣን በሚመርዝ መልኩ ይገኛልና።

ወደ ጫሞ ምግብ የሚያስገቡት ወንዞች ብቻ አይደሉም፤ ጉማሬም አለ። ሌሊት የብስ ላይ ሣር ሲግጥ ያድራል፣ ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ያንኑ ይጥላል። ጎርፍ የሚያመጣው በዓመት ሁለቴ ከሆነ ጉማሬ የሚያመጣው በየቀኑ ነው። በኬንያና በታንዛኒያ በሚፈሰው የማራ ወንዝ የተደረገ ጥናት፣ 4000 ገደማ ጉማሬዎች በቀን 36 ሺህ ኪሎ ግራም ያህል እርጥብ ፋንድያ ወደ ውኃ እንደሚያስገቡ ገምቷል። በዚያው ወንዝ የጉማሬ ኩሬዎች በደረቅ ወራት ኦክስጅናቸው አልቆ፣ ጎርፍ ሲመጣ ያ ውኃ ተጠራርጎ ወደ ታች ያሉትን ዓሦች ሲገድል ታይቷል። በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ግን ይኸው ፋንድያ የቆሮሶ መኖ መነሻ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የፋንድያው መጠንና የውኃው ስፋት ነው። አዞ በበኩሉ ዓሣ ሲበላ ንጥረ ምግቡን እዚያው ያሽከረክራል እንጂ ከውጭ አያመጣም።

የሚወጣውስ? አንድ ቶን ዓሣ ከሐይቅ ሲወጣ በግምት 5 ኪሎ ግራም ያህል ፎስፈረስ አብሮት ይወጣል፤ ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የዓሣ ማስገር ዋና ተጽዕኖ በሌላ በኩል ይመጣል፦ ጫሞ ላይ ትልቁ አዳኝ ናይል ፐርች በከባድ ማስገር እጅግ ሲመናመን የምግብ ሰንሰለቱ ከላይ ይናጋል። ውኃውን በተመለከተ ሐይቆቹ ዛሬ መውጫ የላቸውም ማለት ይቻላል። ቀድሞ ግን ውኃው ሲሞላ አባያ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ ደግሞ ወደ ሰገን ወንዝና በእሱ በኩል ወደ ጨው ባሕር ይፈስ ነበር። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውኃውን በትነት ሲያጣ ጨውና ፎስፈረሱን ያስቀራል። የዚህ ጉዞ ዳርቻ ኤል ሶድ ላይ ይታያል። እዚያ ሰዎች ከጥቁሩ ውኃ ሥር ጨው እየጠለቁ ያወጣሉ፤ ንጥረ ነገሩ ጠፍቶ ሳይሆን ተከማችቶ ዓሣ የማይኖርበት ውኃ ነው።

ከሐይቆቹ ይልቅ ለአብዛኛው የቦረና ሰው ቅርብ የሆነው ሃሮ ነው። ሃሮ በዝናብ የሚሞላ፣ በእጅ ተቆፍሮ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ኩሬ ነው፤ በሥነ ምህዳር ዓይን ግን ሙሉ ሐይቅ ነው። እንደ አባያ በደለል ይደፈርሳል፤ ዝናቡ ካቆመና ሸክላው ከረጋ በኋላ እንደ ጫሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ ድርቁ ሲጠና እንደ ኤል ሶድ እየጠበበ ይዘቱ ይወፍራል። ሌላው ሐይቅ በሺህ ዓመታት የሚሄደውን መንገድ ሃሮ በአንድ በጋ ይጨርሰዋል። የምግቡ ዋና ምንጭ ከብት ነው። መንጋው ሰፊ ግጦሽ ላይ የተበተነውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በሆዱ ሰብስቦ ወደ ውኃው ዳር ያመጣል፣ እዚያም ይጥለዋል። ብዙ መንጋ በሚያዘወትረው የውኃ ቦታ ዙሪያ ያለው አፈር ከራቀው መስክ በእነዚህ ንጥረ ምግቦች የሚበለጽገው፣ ግጦሹ ደግሞ በዚያው ልክ የሚራቆተው ለዚህ ነው።

የቦረና ሥርዓት ለዚህ መልስ አለው። ሃሮው በእሾህ አጥር ይታጠራል፣ መግቢያው ይወሰናል፣ ደለሉ በደረቅ ወራት በኅብረት ይጠረጋል። በቱላ ጉድጓዶች ከብቱ የሚጠጣው ናኒጋ ከሚባል የጭቃ ገንዳ ነው፤ የየዕለቱን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። በዝናብ ወራት የገጽ ውኃ እያለ ቱላው ያርፋል፤ ሃሮው ሲደርቅ መንጋው ወደ ቱላ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የተሠራው ውኃው እንዳያልቅና ጠብ እንዳይነሣ ነው እንጂ ፎስፈረስን ለመቆጣጠር አይደለም። ውጤቱ ግን ያው ነው፦ ከብቱ ውኃው ውስጥ ካልገባ በጠጡ አጥሩ ውጭ ይቀራል፤ ደለሉ ሲጠረግ ደግሞ በውስጡ የታሰረው ፎስፈረስ አብሮ ይወጣል። የሐይቅ ማገገሚያ ባለሙያዎች በሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚያከናውኑት የደለል ጠረጋ ከዚህ በመርህ አይለይም። ከተሞች ሲሰፉና መንጋው በአንድ ቦታ ሲረጋ አጥሩ የሚላላ ከሆነ፣ ኤክስካቫተር የቆፈረው ትልቅ ኩሬ ሰዎች በእጃቸው ከቆፈሩት ትንሹ ፈጥኖ ሊበላሽ ይችላል። የኩሬ ፕሮጀክት ሲመረቅ የሚነገረው ስፋቱ ነው፤ አጥሩና ገንዳው በዕቅዱ ውስጥ ስለመኖራቸው ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በምዕራብ በኩል ኮንሶዎች ችግሩን ከምንጩ ይይዙታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ከ400 ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ እርከን አለው፤ አንዳንዱ ግድግዳ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። እርከኑ አፈሩን ተዳፋቱ ላይ ያስቀራል፤ ወደ ሰገን የሚወርደው ጎርፍም አፈሩን ባጣ ቁጥር ፎስፈረስ ያጣል። ኮንሶዎች ሀርዳ የሚሏቸውን የጋራ ኩሬዎች ያላንዳች እርከን ቢሠሯቸው ኖሮ በደለል በሞሉ ነበር።

የነገሌው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ይተልቃል፤ አዲስም ነው። ገናሌ ከሲዳማና ከባሌ ከፍታዎች ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል። በባሌና በጉጂ መካከል የተሠራው ገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ በጥር 2012 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከፍታው 110 ሜትር፣ ኃይሉ 254 ሜጋ ዋት ሲሆን ከ2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ሊይዝ ይችላል። ስለ ግድቡ የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ሜጋ ዋቱ ነው። ነገር ግን ከእሱ ጋር ለቆላው አንድ ጥልቅ ሐይቅ ተወልዷል፤ ጥልቅ ሐይቅ ደግሞ ጫሞን አይመስልም። ነፋስ እስከ ወለሉ አያማስለውም፤ የታችኛው ክፍል ለብዙ ወራት ከአየር ተለይቶ ሊቆይ ይችላል።

አዲስ ግድብ ውኃ ከሞላ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጥጋብ ዓመታት ናቸው። የሰጠመው አፈር፣ ሣርና ዛፍ ሲበሰብስ ንጥረ ምግቡን ይለቃል፤ አልጌ ይበዛል፣ ዓሣ ይፋፋል። ከዚያ ይቀንሳል። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው ካሪባ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሲሞላ፣ ሳልቪኒያ የተባለ ተንሳፋፊ አረም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሐይቁ ገጽ አንድ አምስተኛ ያህሉን ሸፍኖ ነበር፤ የሰጠመው ምድር ምግብ ሲያልቅ አረሙ ራሱ ሸሸ። በጥጋቡ ዓመታት የተመዘገበን የዓሣ ምርት ቋሚ አድርጎ ማቀድ፣ ለአጥማጅ ማኅበር ብድር መስጠት፣ ጀልባ ማከፋፈል እንግዲህ አሳሳች ስሌት ነው። የቆየ ግድብ ምን እንደሚሆን ቆቃ ያሳያል። አዋሽን በመገደብ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ቆቃ በደለል አቅሙን እያጣ፣ ማይክሮሲስቲስ የተባለ መርዘኛ ሳያኖባክቴሪያና እምቦጭ የሚፈራረቁበት ውኃ ሆኗል። ከላይ ያለው ተፋሰስ የሚታረስ፣ ፋብሪካና ከተማ ያለበት በመሆኑ ምግቡ አላለቀበትም። ገናሌ በካሪባ መንገድ ወይስ በቆቃ መንገድ ይሄዳል የሚለውን የሚወስነው ከግድቡ በላይ ያሉት የሲዳማና የባሌ ማሳዎች አያያዝ ነው።

ከግድቡ በታችም ሒሳብ አለ። ገናሌና ዳዋ ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ፤ ዳርቻቸው ላይ የሚታረሰው መሬት ለምነቱን ያገኘው በጎርፍ ደለል ነው። ግድብ ደለሉን ያስቀራል፤ ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ፎስፈረስም ይቀራል። በኦሞራቴ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚፈሰው ኦሞ ተመሳሳይ ጥያቄ አስነሥቷል። ሐይቁ ከሚያገኘው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ነው፤ የዓሣው ምርትም ከጎርፉ መጠንና ከሐይቁ ከፍታ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ክርክሩ የውኃው መጠን ላይ አተኩሯል፤ የጎርፉ ወቅትና የደለሉ ጉዳይ ግን ለዓሣው ከመጠኑ የማይተናነስ ነው። ተርባይን ሲዞር የሚወጣው ውኃ የጠራ ቢመስልም ከጥልቀት ከተወሰደ ኦክስጅኑ ያነሰ፣ የሟሟ ብረትና ፎስፈረስ ያለበት ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ለመከታተል የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የፈተሸው ነጭ ሳህን ዛሬም ያገለግላል። ሳህኑ በገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል፤ አልጌ ሊያድግ የሚችለው በግምት የዚያ ጥልቀት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እስኪደርስ ነው። ከእሱ ጋር በየጥቂት ሜትሩ የሙቀትና የኦክስጅን ልኬት ቢወሰድ የታችኛው ውኃ መቼ እንደሚለይና መቼ እንደሚደባለቅ ይታወቃል። ልኬቱ ከጋና ጎርፍ በፊትና በኋላ፣ ቦረናዎች አዶሌሳ በሚሉት የብርድ ወራት፣ ከሐጋያም በኋላ ቢደጋገም የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት መዝገብ ብቻ ገናሌ ላይ ስንት ጀልባ፣ ስንት መረብ እንደሚበቃ ለመወሰን መነሻ ይሆናል።